ለአያ ደርሶ ያልተነሣው ወገቤ

ወገብ እንዳለው የሚያውቅ ሰው ወገቡን የታመመ ሰው ብቻ ነው። ጤነኛ ሰው ሲርበው ሆዱን ያውቃል፣ ሲደክመው እግሩን ያውቃል፤ በመካከል ስላለው ነገር የሚያስበው ቀበቶ ሲገዛ ነው። እኔም ሃምሳ አራት ዓመት እንዲሁ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ወገብ ሳወራችሁ እንደ አዋቂ አትቁጠሩኝ። የተቀጣ ሰው ነው የሚያወራችሁ።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። እዚሁ ጎንደር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንዲት ወንበር ላይ ተቀምጬ የገባውን ደብዳቤ ገባ፣ የወጣውን ወጣ ስል ኖሬያለሁ። ወንበሯ ከእኔ ጋር ከመክረሟ የተነሣ የእኔን ቅርጽ ይዛለች፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥባት አትመቸውም። ባለጉዳይ ሲመጣ በመነጽሬ ላይ አሻግሬ አየዋለሁ እንጂ አልነሣም። ጥሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እጁን ዘርግቶ የማይደርስበት ፋይል ሊኖረው አይገባም የሚል እምነት ነበረኝ፤ አዲስ ለሚቀጠሩትም ይህንኑ አስተምር ነበር።

ወገቤ ማጉረምረም የጀመረው ባለፈው ክረምት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ አልደበቅሁም፤ ላገኘሁት ሁሉ ነገርሁ፤ ጥፋቴም እሱ ሆነ። በእኛ ከተማ ሕመሙን የተናገረ ሰው መድኃኒት አያጣም፤ መድኃኒቱ ነው የሚበዛበት። አንዱ ፌጦ አለኝ፣ አንዱ ዝንጅብል፣ አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ በመንደሩ የታወቀ ወጌሻ ይዛልኝ መጣች። የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ ጡብ አግለህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ተኛበት አለኝ። ተኛሁበት። ወገቤ እንደ ነበረ ቆየ፤ ቆዳዬ ግን ተላጠ።

በመጨረሻ ባለቤቴ እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ያየችኝ የአካል እንቅስቃሴ ሐኪም ነች፤ ልጄ የምትሆን ወጣት።

«ጋሼ፣ በቀን ስንት ሰዓት ይቀመጣሉ?» አለችኝ።

«ከሥራ ሰዓት በቀር አልቀመጥም» አልኋት።

«ከሥራ በኋላስ ምን ያደርጋሉ?»

«ቤቴ ገብቼ እቀመጣለሁ።»

«እሑድስ?»

«ከቅዳሴ መልስ እቀመጣለሁ።»

ብዕሯን አስቀመጠች። ከዚያ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቱ ላይ ከእንጨት የተሠራ የሚመስል ቀጭን ሰው ተሥሏል። በመጀመሪያው ሥዕል በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ይስባል፤ በሁለተኛው ተኝቶ ዳሌውን ያነሣል፤ በሦስተኛው በአራት እግሩ ሆኖ ጀርባውን እንደ ድመት ያጎብጣል፤ በአራተኛው ከወንበር ይነሣና መልሶ ይቀመጣል። ሁሉም በቀን አሥር አሥር ጊዜ። ስለ አራተኛው በተለይ ተነሥታ አሳየችኝ። «እግርዎን ወደ ኋላ ይሰብስቡ፣ ደረትዎ ወደ ፊት ያዘንብል፤ አፍንጫዎ ከእግር ጣትዎ በላይ ሲያልፍ ክብደቱ ከመቀመጫዎ ወደ እግርዎ ይሄዳል፤ ጉልበትዎን የሚጠይቁት ያን ጊዜ ነው» አለች። በዚያ ላይ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት በላይ በአንድ ጊዜ እንዳልቀመጥ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግሬ እንድሄድ፣ ዕቃ ሳነሣ ጉልበቴን እንዳጥፍ አዘዘችኝ።

«መድኃኒቱስ?» አልኋት።

«መድኃኒቱ ይኸው ነው።»

ቅር አለኝ፤ አልዋሻችሁም። ከሰፈሬ ከቁስቋም ድረስ መጥቼ፣ ወረፋ ጠብቄ፣ የእንጨት ሰው ይዤ ልመለስ? ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚል ተለጥፏል። ጽሑፉን አነበብሁት፤ የፊደሉን አጣጣል ወደድሁት።

በማግሥቱ ወረቀቱን ይዤ ቢሮ ገባሁና ከሠላሳ ዓመት በላይ በወረቀት ላይ ሳደርግ የኖርሁትን አደረግሁበት። «ገቢ» የሚለውን ማኅተም መታሁበት፣ ቁጥር ሰጠሁት፣ «ልዩ ልዩ» በሚለው ፋይል ውስጥ አስገብቼ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ካለው ካርቶን ከተትሁት። በእኛ መዝገብ ቤት የተመዘገበ ነገር እንደ ተፈጸመ ይቆጠራል። የዚያን ቀን ማታ ባለቤቴ «እንቅስቃሴውን ጀመርህ?» ብትለኝ ምንም ሳይከብደኝ «አዎ» አልኋት።

አሁን ስለ አያ ደርሶ ልንገራችሁ፤ ነገሩ የተበላሸው በእሳቸው ላይ ነውና።

አያ ደርሶ የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ከእንፍራንዝ ወጣ ብላ ባለች መንደር ያርሳሉ። አባቴ ሲሞት ልጅ ነበርሁ፤ እሳቸው አሳደጉኝ። ከልጃቸው ከማሩ ጋር አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን ነው ያደግነው። የዛሬ አራት ዓመት ማሩ ታመመና ሞተ። መርዶው የደረሰኝ ጧት ቢሮ ተቀምጬ ነው፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ያልተመዘገበ ደብዳቤ ተከምሯል። ይችን ልጨርስና ለሠልስቱ እደርሳለሁ አልሁ። በሠልስቱ ለአርባው እሄዳለሁ አልሁ። አርባው ሲደርስ ደግሞ ምን ብዬ ከፊታቸው እቆማለሁ አልሁ። ዛሬ ነገ ስል አራት ዓመት አለፈ። በእኛ አገር ሠርግ የቀረ ሰው ይወቀሳል፤ ቀብር የቀረን ግን ማንም አይወቅሰውም፤ ዝም ነው የሚባለው። አያ ደርሶም ዝም አሉኝ።

ያን ዝምታ ልትሰብር የተነሣችው እንፍራንዝ የምትኖረው ታላቅ እኅቴ እታገኝ ናት። ስልክ ደወለችልኝ።

«ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም» አለችኝ። «የዚህ ወር የሚካኤል ማኅበር ተራው የእኔ ነው። አያም ማኅበርተኛ ናቸውና ይመጣሉ። አንተ ቀድመህ ተቀመጥ። ሲገቡ ከሰው ሁሉ ፊት ብድግ በልና ኖር በላቸው። በእግዜር ካሉህ ጉልበታቸውን ሳም። አለቀ።»

የከተማ ልጆች እየረሱት ስለሆነ ልንገር፤ በእኛ ዘንድ ሰው ሲገባ የተቀመጠው ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ የገባውም «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጠዋል። ቀጥ ብሎ መቆም እንኳ ግዴታ አይደለም፤ መቀመጫህ ከመደቡ መላቀቁን ሰው ካየ ይበቃል። እንግዲህ የአራት ዓመት ኀፍረቴ የሚወርደው አንድ ስንዝር ከፍ በማለት ነው። ከዚህ የረከሰ እርቅ የት ይገኛል? ደስ አለኝ፤ አዲስ ጋቢም ገዛሁ።

ከማኅበሩ በፊት ባለው ቀን አለቃችን አንድ የቆየ ፋይል አስቸኳይ ነው አሉ። ፋይሉ ታችኛው መደርደሪያ ላይ ካለው ካርቶን ውስጥ ነው። ጉልበቴን ቀጥ አድርጌ ከወገቤ ጎንበስ አልሁና ካርቶኑን መንጭቄ አነሣሁት። ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ቀና ልበል ብል እንቢ፣ ጎንበስ ልበል ብል እንቢ፤ ከካርቶኑ ጋር ተፋጥጬ ቀረሁ። በላዩ ላይ በገዛ እጅ ጽሕፈቴ «ልዩ ልዩ» ይላል። የእንጨቱ ሰው ያለው እዚያ ውስጥ ነበር።

በማግሥቱ ባለቤቴ ወገቤን በመቀነት ጥፍር አድርጋ አሰረችልኝና በሚኒባስ ተጭኜ እንፍራንዝ ደረስሁ። በየጉድባው ከሚካኤል ማኅበርተኞች ሁሉ በላይ ሚካኤልን የጠራሁ እኔ ነኝ። እታገኝ ከበሩ ትይዩ ዝቅ ያለ መደብ ላይ አስቀመጠችኝ። መቀመጡ ቀላል ነበር፤ ወደቅሁ ማለት ይሻላል።

አያ ደርሶ ሲገቡ ቤቱ በሙሉ «ኖር!» ብሎ ተነሣ። እኔም እጄን መደቡ ላይ ተክዬ ራሴን ወደ ፊት ሰደድሁ። መቀመጫዬ አራት ጣት ያህል ለቀቀ፤ ከዚያ አንድ ነገር ከኋላዬ ጨምድዶ ያዘኝና መልሼ ዱብ አልሁ። ድምፁ ተሰማ። ሰው ሁሉ ቆሟል፤ እኔ ብቻ እንደ ንጉሥ ተቀምጫለሁ። አያ ደርሶ በትራቸውን ተደግፈው አዩኝ። አርጅተዋል፤ በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ያረጃሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

«በእግዜር፤ ተቀመጡ» አሉ ለሰዉ። «የእሱን አለመነሣትስ ለምጄዋለሁ።»

«ወገቤን ነው!» ብዬ ጮኽሁ። ይህንን ባልል ይሻለኝ ነበር። ወገቤን ማለት በእኛ አገር ከጥንት ጀምሮ ማረስ ያልፈለገ ሰው ሁሉ የሚለው ነገር ነው። ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ሰውነቱ ሸጋ ነው፤ ምነው እንዲህ ሆነ?» አሉ። አያ ደርሶ ጽዋውን ቀምሰው፣ ሌላው ሳይነሣ ተነሥተው ሄዱ።

እታገኝ ሰዉን ሸኝታ ስትመለስ እንባዋ እየወረደ ነበር። «ተነሥ ብቻ ነው ያልሁህ! ቅኔ ተቀኝ አላልሁህ! ተነሥ ብቻ!»

ጎንደር ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት ካርቶኑን መክፈት ነው። በዚህ ጊዜ ጉልበቴን አጥፌ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው። የሚቀጥለው ማኅበር ሠላሳ ቀን ቀርቶታል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ሰው ልሆን ለራሴ ማልሁ።

መሬት ላይ የሚሠሩትን ቤቴ ጀመርሁ። በሦስተኛው ቀን በአራት እግሬ ሆኜ ጀርባዬን ሳጎብጥ የንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ ገቡ። ከበሩ ላይ ቆመው ጥቂት አዩኝ። «ልጄ፣ ይህን ቀኖና የሰጠሁህ እኔ አይመስለኝም» አሉ። አስረዳኋቸው። «ስንት ጊዜ ነው?» አሉኝ። አሥር አልኋቸው። «ስግደቱን በጾሙ አርባ ብዬህ አልነበረም? ያን ሠርተህ ቢሆን ይህ ባልመጣ» ብለው ጸበሉን ወገቤ ላይ አብዝተው ረጩልኝ።

የእግር ጉዞው የባሰ ነው። ጎንደር ውስጥ ያለ ጉዳይ መሄድ አይቻልም። ከቁስቋም ቁልቁል ስወርድ ያገኘኝ ሁሉ «ወዴት ነው?» ይለኛል። «እንዲሁ ነው» እላለሁ። እንዲሁ የሚባል ሰፈር የለም። አንዱን «ለጤና ነው» ስለው «ማን ታሞ ነው? እኔም ልጠይቀው እንጂ» ብሎ ተከተለኝ፤ ማንም እንዳልታመመ እስኪያምነኝ ድረስ አንድ ኪሎ ሜትር አብረን ሄድን። በሳምንቱ ለባለቤቴ «ጋሼ ምን ገጥሞት ነው እንዲህ የሚንከራተት?» የሚሏት በዙ። ከዚያ በኋላ ባዶ ቦርሳ ይዤ መውጣት ጀመርሁ። ቦርሳ የያዘን ሰው ማንም ምንም አይጠይቀውም።

ቢሮ ውስጥ ደግሞ ተነሥቶ መቀመጡን ያዝሁ። እግር ወደ ኋላ፣ ደረት ወደ ፊት፣ አፍንጫ ከጣት በላይ። አንድ ጊዜ አለቃችን በሩን ሲከፍቱ ተነሣሁ፤ ተቀመጥሁ፤ ቁጥሩ አልሞላምና መልሼ ተነሣሁ፤ ተቀመጥሁ። «ምን ማለትህ ነው? እያሾፍህብኝ ነው?» አሉ። የሥራ ባልደረቦቼ «ጡረታ ሊወጣ ነው መሰለኝ፤ ትሕትና ጀምሯል» አሉ። ይህን ሁሉ ቻልሁት። ያልቻልሁት ከአይከል የሚመጡትን ገበሬ ነው።

ስለ አንድ ማመልከቻ የሚመላለሱ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ሲገቡ እኔ ስድስተኛው ላይ ስለነበርሁ ብድግ አልሁ። ደንግጠው በሩን ያዙ።

«ምነው ጌታው፣ ፋይሌ ጠፋ እንዴ?»

«አልጠፋም፤ ምን ሆኑ?»

«እንዲያው ሦስት ጊዜ ስመጣ ተቀምጠው ነው ያናገሩኝ። ዛሬ ሲነሡልኝ ጊዜ መርዶ መስሎኝ ነው።»

ፋይላቸውን አውጥቼ ጉዳያቸውን ጨረስሁላቸው። ከሄዱ በኋላ ግን ሰባተኛውን መነሣት አልቻልሁም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በዚያ በር ስንት ሰው ገባ? ለየትኛው ተነሣሁ? የማሩ መርዶም የመጣው በዚያው በር ነው፤ ተቀምጬ ነው የሰማሁት፤ ተቀምጬ ነው ደብዳቤዬን የቀጠልሁት። ለአያ ደርሶ ወገቤን ነው ብዬ ጮኽሁ። ማሩ የሞተ ዕለት ግን ወገቤ ደህና ነበር። ይህን ሳስብ አለቀስሁ፤ መነጽሬን አውልቄ፣ ከፋይሎቼ መካከል፣ እንደ ልጅ አለቀስሁ።

ከዚያ ወዲያ ለሚገባው ሁሉ ተነሣሁ። ቁጥሩን ግን አልተውሁትም፤ ሱስ ሆኖብኝ ነበር።

ሠላሳው ቀን ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ወገቤ ምሳር እንደገባበት እንጨት መሆኑ ቀርቶ የሰው ወገብ ሆነ። እጄን ሳልደግፍ እነሣለሁ፤ ያውም ሳልንቋቋ። ለእታገኝ ደወልሁላት።

«ለመነሣት ደርሻለሁ» አልኋት። «ማኅበሩ የማን ቤት ነው? ቀድሜ ልቀመጥ።»

«የዚህ ወር ተራው የአያ ነው» አለችኝ።

«የአያ? ታዲያ እኔ ከየት ላይ ነው የምነሣው? የምገባው እኮ እኔ ነኝ!»

«አዎ፤ አንተ ትገባለህ። እሳቸው ተቀምጠው ይጠብቁሃል። ይነሡልህ አይነሡልህ እሳቸው ያውቃሉ።»

አያችሁልኝ? ሠላሳ ቀን መሬት ለመሬት የተንከባለልሁለት ጉዳይ ለሌላ ሰው ተላለፈ። ልቅር አልሁ፤ እውነቴን ነው። ልቅር የሚለውን ሐሳብ ግን አሁን አውቀዋለሁ፤ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረ ነው። ጋቢዬን ለበስሁና ወጣሁ።

ከእንፍራንዝ እስከ መንደሩ ያለውን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ማኅበርተኛው ገብቷል፤ ጸሎቱም ደርሷል። በበሩ ጎንበስ ብዬ ገባሁ። «ኖር!» አለ ሰዉ። የተነሣውን አላየሁም። አያ ደርሶ ምሰሶው ሥር መደባቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አልተነሡም፤ መሬት መሬት ያያሉ። በዕድሜያቸው ለእኔ መነሣት አይጠበቅባቸውም፤ ባይነሡ ማንም አይፈርድባቸውም። እኔም ብሆን አልፈርድም።

በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ እግራቸውን ወደ ኋላ ሲሰበስቡ አየሁ።

ማንም ሰው ያን ቢያይ እግራቸውን ያመቻቹ ይመስለዋል። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጫኑ። ደረታቸው ቀስ ብሎ ወደ ፊት አዘነበለ። አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ አለፈ። ክብደቱ አሁን ወደ እግራቸው ሄደ፤ ጉልበታቸውን ሊጠይቁ ነው። ጉልበታቸው ተንቀጠቀጠ። እያንዳንዷ ጣት ከፍታ ምን እንደምታስከፍል ሠላሳ ቀን ተምሬ መጥቻለሁና ቆሜ ማየት አቃተኝ።

«አይነሡ አያ! በሞቴ አይነሡ!»

«ዝም በል፤ ጀምሬዋለሁ» አሉኝ።

ቆሙ። አራት ጣት አይደለም፤ አንድ ስንዝርም አይደለም፤ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ኖር» አሉ።

በእግዜር ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ሳምሁ፤ ገና እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ማሩን ሳልቀብር ቀረሁ፣ አያ» አልሁ።

«አዎ፤ ቀርተሃል» አሉ። እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። «ወገብህን ነው ማለት እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«እኔም ጉልበቴን ነው። ና ወዲህ፤ ተቀመጥ።»

መደቡ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ሐኪሟ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዳልቀመጥ አዝዛኛለች፤ ያን ቀን እስኪመሽ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። መቀመጥ ከተባለ ነው። ጎረቤቱ በየተራ ይገባል፤ ሰው በገባ ቁጥር አያ ደርሶ ትከሻዬን ይይዛሉ፣ እኔ እግሬን ወደ ኋላ እሰበስባለሁ፣ አብረን ብድግ እንልና አብረን «ኖር!» እንላለን። እስከ አሥር ድረስ ቆጠርሁ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ተውሁት።